ጨብጡ ድኗል፤ ጠባሳውስ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። የ27 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ካገባሁ ሦስት ዓመት አለፈኝ። በተጋባን ሰሞን ሁለት ጊዜ የሦስት ወር መርፌ ተወግቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ምንም መከላከያ አልተጠቀምንም፤ ግን አልፀነስኩም። ከስድስት ዓመት በፊት ደሴ ተማሪ ሳለሁ የነበረኝ ጓደኛ ሽንቱ አቃጥሎት መግል ወጣው። እኔም ፈሳሽና ከእምብርት በታች ህመም ነበረኝ። ሲፕሮ ከፋርማሲ ገዝተን ተካፈልን። ሦስት ቀን ወስጄ ሲሻለኝ ተውኩት። አሁን የሚያመኝ ነገር የለም፤ አልትራሳውንድ ታይቼም «ንጹህ ነው» ተብያለሁ። አማቴ መርፌው ነው መሃን ያደረጋት ትላለች። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ያ ጨብጥ ነበር? ማህፀኔን ዘግቶት ይሆን? ባሌ ይህን ታሪክ አያውቅም። እሱ ሳያውቅ መታከም እችላለሁ?»

ምላሽ፦ አብሽሪ፣ እህቴ። ታሪኩ የብቻሽ ይመስልሽ ይሆናል። እኔ ግን እዚሁ ደሴ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ሲነገረኝ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ብዙዎቹ የሚናገሩት ምርመራው አልቆ፣ ተነስተው የበሩን እጀታ ከያዙ በኋላ ነው። «ዶክተር፣ አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ» ይላሉ። አንቺ ከዚያ ጀመርሽ። የሐኪምሽን ግማሽ ሥራ ሠርተሻል።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ያኔ የያዘሽ ጨብጥ ሳይሆን አይቀርም። ክላሚዲያ የሚባል ሌላ የአባላዘር በሽታም አብሮት ኖሮ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተያይዘው ነው የሚመጡት። ከስድስት ዓመት በኋላ ግን ዋናው ጥያቄ «በሽታው አለብኝ ወይ?» አይደለም። «ሲያልፍ ምን ጥሎብኝ ሄደ?» ነው። መድኃኒት ተህዋሱን ይገድላል፤ ጠባሳ አይፍቅም። ይህን ልዩነት ያልያዘች ሴት በየክሊኒኩ ስትዞር፣ «ኢንፌክሽን አለብሽ» እየተባለች ኪኒን በኪኒን ላይ ስትጨምር ዕድሜዋ ይነጉዳል። እኔ ዘንድ በ38 ዓመታቸው የሚመጡ አሉ። አሥር ዓመት ሙሉ ለ«ኢንፌክሽን» ሲታከሙ ኖረው፣ የማህፀን ቱቧቸውን ግን አንድም ቀን ያየላቸው ሰው የለም። አንቺ 27 ነሽ። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ አናባክነው።

ስለ ቱቦው ላስረዳሽ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ከማህፀን ግራና ቀኝ ተነስተው ወደ እንቁላል ማምረቻዎቹ የሚዘረጉ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። የእያንዳንዱ ርዝመት ከ10 እስከ 12 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከማህፀን ጋር በሚገናኝበት በኩል የውስጡ ቀዳዳ አንድ ሚሊሜትር ያህል ቢሆን ነው። እንቁላል ደግሞ በራሷ አትሄድም። የወንድ ዘር ጭራ አለው፣ ይዋኛል። እሷ ምንም የላትም። የቱቦው ጫፍ እንደ ጣቶች የተዘረጋ ነው፤ እሱ ያፍሳታል። ከዚያ በቱቦው ግድግዳ ላይ የበቀሉ፣ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች እየተወዛወዙ ወደ ማህፀን ይነዷታል። ከወንዱ ዘር ጋር የምትገናኘውም እዚያው ቱቦ ውስጥ ነው። የተፈጠረው ጽንስ ማህፀን ለመድረስ ሌላ ጥቂት ቀናት ይጓዛል።

እንግዲህ የሐረጎን መንገድ አስቢው። ከደሴ ኮምቦልቻ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ ግን መንገዱ ቁልቁለትና ጥምዝምዝ ስለሆነ አንድ ቦታ ላይ የሚደርስ ነገር ለሁሉም ይተርፋል። ናዳ ወርዶ መንገዱን ከዘጋው የሚያልፍ የለም። መንገዱ ክፍት ሆኖ መኪናው ሞተሩ ከጠፋም ተሳፋሪው አይደርስም። በሦስተኛው ደግሞ መንገዱ ይጠብና ተሳፋሪው መሃል ላይ ይቀራል። ቱቦም እንዲሁ ነው። ጠባሳ ሙሉ በሙሉ ሊዘጋው ይችላል። ቱቦው ሳይዘጋ የውስጥ ፀጉሮቹ ብቻ ሊረግፉ ይችላሉ። ጽንሱ ግማሽ መንገድ ላይ ከቀረ ደግሞ ከማህፀን ውጭ እርግዝና ይባላል። ስለሱ ወደ መጨረሻው እመለሳለሁ፤ ሕይወት የሚያጠፋው እሱ ነውና።

ጨብጥና ክላሚዲያ መጀመሪያ የሚያርፉት የማህፀን በር ላይ ነው። እዚያ ሳሉ ቢያዙ ነገሩ ቀላል ነበር። ካልታከሙ ግን በአንዳንድ ሴቶች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ወደ ማህፀን፣ ከዚያም ወደ ቱቦ። ሐኪሞች ይህን ፒአይዲ እንለዋለን። ከእምብርት በታች ያመመሽ ነገር ምናልባት እሱ ነበር። ቱቦው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ መግል ይይዛል። ሰውነት ሲዋጋ ደግሞ የራሱንም ግድግዳ ይጎዳል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳው ይሸበሸባል፣ ይጣበቃል።

የክላሚዲያ ክፋቱ ዝምታው ነው። ከአሥር ሴቶች ሰባቱ ወይም ከዚያ በላይ ምንም ምልክት አያዩም። በጨብጥም ቢሆን ግማሽ ያህሉ ሴቶች አይታወቃቸውም። ወንዱ ጨብጥ ሲይዘው መግል ስለሚያይ ይደነግጣል፣ ይሮጣል። ክላሚዲያ ሲሆን ግን እሱም ብዙ ጊዜ አያውቅም። ስለዚህ የዚያን ጊዜ ጓደኛሽ መግል ማየቱ ላንቺ ደወል ነበር። ደወሉን ሰምተሻል፤ ወደ ሄድሽበት ቦታ ነው ቅር የሚለኝ።

ስለ ሲፕሮ ትንሽ ልቆጣ፤ በአንቺ ሳይሆን በልማዱ። ሲፕሮ በአንድ ዘመን ጨብጥን ያድን ነበር። ጨብጥ ግን መድኃኒት የሚለማመድ ተህዋስ ነው። ፔኒሲሊንን ለመደ፣ ቴትራሳይክሊንን ለመደ፣ ሲፕሮንም ለመደ። ዛሬ ለጨብጥ የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶን የሚባል መርፌ ነው። ክላሚዲያም ስለሚጠረጠር አዚትሮማይሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን ይታከልበታል። ወደ ሆድ ከዘለቀ ደግሞ ሕክምናው 14 ቀን ይወስዳል፤ ሜትሮኒዳዞልም ይጨመራል። አንድ እሽግ ሲፕሮ ለሁለት ተካፍሎ ሦስት ቀን መዋጥ በዚህ ሚዛን ምን ያህል እንደሚቀል አንቺው ፍረጂ። «ተሻለኝ» ያልሽውም አያስተማምንም፤ ምልክቱ ያለ መድኃኒትም ሊጠፋ ይችላል። ምልክቱ ጠፋ ማለት ተህዋሱ ለቀቀ ማለት አይደለም።

አሁን የሚያስፈራሽን ቁጥር ልንገርሽ፤ ከነሙሉ ትርጉሙ። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ታዋቂ የስዊድን ጥናት አለ። ፒአይዲ ይዟቸው የታከሙ ሴቶችን ለዓመታት ተከታተለ። አንድ ጊዜ ብቻ ከያዛቸው ውስጥ በቱቦ ጉዳት ምክንያት ሳይወልዱ የቀሩት 8 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሁለቴ የያዛቸው 20 በመቶ አካባቢ፤ ሦስቴና ከዚያ በላይ የያዛቸው 40 በመቶ። እያንዳንዱ ድግግሞሽ አደጋውን እጥፍ ያደርገዋል ማለት ነው። እስኪ ገልብጠሽ አንብቢው፦ አንድ ጊዜ ከያዛቸው 100 ሴቶች 92ቱ በዚህ ምክንያት መሃን አልሆኑም። እውነቱን ለመናገር እነዚያ ሴቶች ሆስፒታል ገብተው በደንብ የታከሙ ናቸው፤ የአንቺ የሦስት ቀን ሲፕሮ ከዚያ ጋር አይተካከልም። ቢሆንም «ጨብጥ ይዞኝ ነበር፤ ስለዚህ አበቃልኝ» የሚለው ሒሳብ ስህተት ነው።

አማቴ ወዳልሻቸው ልምጣ። የሦስት ወር መርፌ መሃን አያደርግም። እውነት ያለበት ክፍል ግን አለው። ይህ መርፌ ከሌሎቹ መከላከያዎች ይልቅ ከሰውነት ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ካቆሙት በኋላ ለመፀነስ በአማካይ ከመጨረሻው መርፌ አሥር ወር ገደማ ይፈጃል፤ በአንዳንዷ ከዚያም ይዘገያል። አማትሽ ጎረቤት ያዩትን መዘግየት አይተው ይሆናል የፈረዱት። አንቺ ግን ሁለት ዓመት ተኩል አልፎሻል። የወር አበባሽ በየወሩ ጊዜውን ጠብቆ የሚመጣ ከሆነ መርፌውን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር አውጪው። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው መከላከያ፣ ሉፕም እንዲሁ በከንቱ ይታማል። ሉፕ ቱቦ አይዘጋም፤ ሉፕ ሲገባ ያልታከመ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ካለ ነው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አደጋ የሚኖረው።

«አልትራሳውንድ ንጹህ ነው» የሚለው ነገር ብዙ ሴት ያዘናጋል። በአልትራሳውንድ ማህፀን ይታያል፤ እንቁላል ማምረቻውም ይታያል። ጤነኛ ቱቦ ግን አይታይም። መዘጋት አለመዘጋቱንም ተራ አልትራሳውንድ አይናገርም። ቱቦው ውሃ ይዞ ካበጠ ብቻ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ «ንጹህ» የተባለው የታየው ክፍል ነው። ዋናውን ተጠርጣሪ ማንም ገና አልጠየቀውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በጤና ጣቢያዎቻችን የአባላዘር በሽታ በአብዛኛው የሚታከመው በምልክት ነው። ፈሳሽ አለሽ? ይህን ውሰጂ። ቁስል አለህ? ይህን ውሰድ። የክላሚዲያን ዘረመል የሚፈትሽ ምርመራ በየቦታው ስለሌለ ይህ አሠራር ብዙ ሰው አድኗል። መግል ላየ ወንድ ጥሩ ነው። ምልክት የሌላትን ሴት ግን ጭራሽ አያገኛትም፤ ክላሚዲያ ደግሞ የሚጎዳው እሷን ነው። በተቃራኒው ነጭ ፈሳሽ ያየች ሁሉ አባላዘር ያዛት ማለት አይደለም። የሚያሳክክ እርጎ መሳይ ፈሳሽ በአብዛኛው ፈንገስ ነው፤ ቱቦ አይነካም። ዓሣ ዓሣ የሚሸተውም በማህፀን መንገድ ውስጥ ያሉ ተህዋሳት ሚዛን ሲዛባ የሚመጣ ነው። ያሳፍራል እንጂ ከባል ተላለፈ፣ ከወንድ መጣ አያሰኝም። በዚህ ምክንያት ብቻ የፈረሰ ትዳር ስላየሁ ነው የምናገረው።

ቱቦ የሚዘጋውም በጨብጥና በክላሚዲያ ብቻ አይደለም። ከውርጃ ወይም ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ኢንፌክሽን አለ። የፈነዳ ትርፍ አንጀት አለ። በአገራችን ደግሞ የማህፀን ቲቢ አለ፤ ሳያስሉ፣ ሳይከሱ፣ በዝምታ ቱቦ የሚያበላሽ። በቤታችሁ ቲቢ የታከመ ሰው ካለ ለሐኪምሽ ንገሪው፤ ብዙዎቻችን ሐኪሞችም ሳንጠይቅ እናልፈዋለን። ቂጥኝ ሌላ ጉዳይ ነው። ቱቦ አይዘጋም፤ ግን የተፀነሰውን ያስወርዳል፣ በሆድ ይገድላል። በደም ይታወቃል፣ በፔኒሲሊን ይድናል። ለዚህ ነው በእርግዝና ክትትል ከኤችአይቪ ጋር የሚመረመረው። ኤችአይቪም ቢሆን መድኃኒቱን በአግባቡ ለምትወስድ ሴት ጤነኛ ልጅ ከመውለድ አያግድም።

ሰዎች ኮምቦልቻን ሲያስቡ የጂቡቲ መንገድ፣ ሹፌር፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ይላሉ። እንደዚያ ዓይነት ንግግር አልወድም። አንቺን ያስያዘሽ ደብተር ይዞ የሚሄድ ተማሪ ነበር። ተህዋሱ ሥራ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ሥራው። ከየት ትጀምሪ?

ከባልሽ። አዎ፣ ከእሱ። ልጅ ከዘገየባቸው ጥንዶች ወደ ግማሽ በሚጠጉት ዘንድ ከወንዱ በኩልም ችግር ይገኛል። እሱን ሳይመረምሩ ሴቲቱን ቀለም ማስገባት፣ መቅደድ፣ መስፋት ትልቅ ጥፋት ነው። የዘር ፈሳሽ ምርመራ አያምም፣ ከሌሎቹ ሁሉ ይቀልላል። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ይሰጣል። ናሙናው በአንድ ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ አለበት። ስለዚህ ምርመራው ደሴ ከሆነ ኮምቦልቻ ቤት ሰጥቶ በሚኒባስ ሐረጎን ማውጣት አይሆንም፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ እንኳ ሰዓቱ ያልፋል። እዚያው ሄዶ ይስጥ። «እኔ ምን ሆንኩ? ወንድነቴ ደህና ነው» ሊልሽ ይችላል። ብዙ ወንድ እንዲህ ነው የሚያስበው። አልጋ ላይ ያለ ጉልበትና የዘር ብዛት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጎበዝ ሆኖ አንድም ዘር የሌለው ሰው አለ። የወንድንም የዘር መተላለፊያ ጨብጥ ሊዘጋው እንደሚችል ልብ በይ።

አንቺ በበኩልሽ መጀመሪያ የማህፀን በር ይታያል፤ አሁን ኢንፌክሽን ካለ ይታከማል። ክላሚዲያ ሳይታከም ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ከስድስት ዓመት በኋላ ያው የድሮው አለ ብዬ አልጠብቅም፤ ግን አንዴ አጣርቶ መዝጋት ነው። ቂጥኝና ኤችአይቪም አብረው ይመርመሩ። ዕድሜሽ ከ30 ሊያልፍ ጥቂት ስለቀረው የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራንም ከአሁኑ ጠይቂ፤ እሱም የሚመጣው በግንኙነት ከሚተላለፍ ቫይረስ ነው።

ከዚያ ቱቦው። ምርመራው ኤች ኤስ ጂ ይባላል፤ ቀለም ተጨምሮ የሚነሳ ራጅ ነው። በማህፀን በር ቀጭን ቱቦ ገብቶ ቀለም ይገፋል፤ ቀለሙ በቱቦዎቹ ሄዶ ሆድ ውስጥ ሲፈስ በራጅ ይታያል። የወር አበባ በቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ይሠራል። ከወር አበባሽ ጀምሮ እስከ ምርመራው ግንኙነት አታድርጉ፤ ገና ያልታወቀ ጽንስ ላይ እንዳይደረግ ነው። ያማል ወይ? የወር አበባ ቁርጠት ይመስላል፣ ለደቂቃዎች። ከመግባትሽ አንድ ሰዓት በፊት ኢቡፕሮፌን መውሰድ ይረዳል። ሆድሽን እያመመሽ፣ እያተኮሰሽ ከሆነ ግን ምርመራው አይደረግም፤ ተህዋሱን ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል። ከዚህ ምርመራ በኋላ ባሉት ወራት ሳይታሰብ የሚፀንሱ ሴቶች አሉ። ቀለሙ ራሱ ቱቦውን ያጥበዋል መሰለኝ። ለዚህ ብለሽ ግን አትታዪ፤ ተስፋ ቢያደርጉ ግን አይከፋም።

ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን ብቻሽን አንብበሽ እንዳታለቅሺ። «በማህፀን በኩል ተዘግቷል» የሚል ካለ፣ ቱቦው በድንጋጤ ተኮማትሮ ሊሆን ይችላል። ይህ የተለመደ ስህተት ነው። ይደገማል፤ ወይም በቀጭን ሽቦ ይሞከራል። አንዱ ቱቦ ክፍት ከሆነ መፀነስ ይቻላል። ክፍቱ ቱቦ ከሌላኛው ወገን የወጣችን እንቁላል እንኳ ሊያፍስ ይችላል፤ ተፈጥሮ ለጎረቤት ታዝናለች። ሁለቱም ክፍት ከሆኑ ጥሩ ዜና ነው፤ ያኔ የእንቁላል አወጣጥሽንና የባልሽን ውጤት ይዘን ሌላ መንገድ እንሄዳለን።

ከባዱ ውጤት ሁለቱም በጫፋቸው ተዘግተው ውሃ ሲይዙ ነው። ጉዳቱ ቀላል ከሆነ በቀዶ ሕክምና ጫፉን መክፈት ይሞከራል። ግን እውነቱን ልንገርሽ፦ የተከፈተ ቱቦ ፀጉሮቹ ካልተመለሱለት ክፍት ቧንቧ ብቻ ነው፤ ከማህፀን ውጭ እርግዝናም ይበዛበታል። ያን ጊዜ ተስፋው እንቁላልና ዘርን በላብራቶሪ አገናኝቶ ጽንሱን ማህፀን ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ይህ ሕክምና የተፈጠረው እኮ ለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978 እንግሊዝ ውስጥ በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ሕፃን ሉዊዝ ብራውን ስትወለድ፣ እናቷ ሌስሊ ለዓመታት ልጅ ያጣችው ቱቦዎቿ ተዘግተው ነበር። ሐኪሞቹ ቱቦውን ማዳን ሲያቅታቸው ቱቦውን ዘለሉት። ከሕክምናው ፈጣሪዎች አንዱ ሮበርት ኤድዋርድስ በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። በአገራችንም ሕክምናው አለ፤ በመንግሥት አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ የግል ማዕከላትም አሉ። ገንዘብና ምልልስ ይጠይቃል። ውሃ የያዘው ቱቦ አስቀድሞ እንዲወጣ ወይም እንዲታሰር ከተነገረሽም አትደንግጪ። ውሃው ወደ ማህፀን እየተመለሰ ጽንሱን ስለሚያበላሽ የሕክምናውን ስኬት በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። «ልጅ ፈልጌ መጥቼ ቱቦዬን ትቆርጡታላችሁ?» ብላ የተቆጣችኝ እናት ነበረች። ልክ ነበረች፤ አስቀድሜ በቅጡ አላስረዳኋትም ነበር።

ወይባ ጭስ መግባት ሰውነት ያፍታታል፣ ደስም ይላል። ቱቦ አይከፍትም። ጸበሉም፣ በጋራ የሚደረገው የወዳጃ ዱዓም ልብ ያበረታል፤ እኔ አልነካውም። ከሕክምናው ጎን እንዲሄድ ብቻ ነው የምለምነው። ወደ ውስጥ የሚጨመር ቅጠል፣ በሳሙና ወደ ውስጥ መታጠብ ግን ይቅር፤ እነሱ ኢንፌክሽን ይጋብዛሉ።

ባልሽ ሳያውቅ መታከም ትችያለሽ ወይ? ምስጢርሽን ሐኪም ያለ ፈቃድሽ ለባልሽም ለአማትሽም መናገር አይችልም። የዛሬ ስድስት ዓመት ታሪክ የአንቺ የሕክምና ታሪክ ነው። ለሐኪምሽ ንገሪው፤ ለባልሽ መንገር አለመንገሩን አንቺ ትወስኛለሽ። «ንገሪው» ብዬ ከሩቅ አላዝሽም። ሰምቶ እጇን የያዘ ባል አይቻለሁ፤ ሰምቶ ሻንጣዋን በር ላይ ያስቀመጠም አይቻለሁ። ባልሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

አንድ ሁኔታ ግን ይለያል። በምርመራው አሁን የአባላዘር ኢንፌክሽን ከተገኘብሽ እሱም መታከም አለበት፤ ምርጫ የለውም። አንቺ ብቻ ታክመሽ ብትመለሺ ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው። ሁለታችሁም ሕክምናውን ጨርሳችሁ ቢያንስ ሰባት ቀን እስኪያልፍ ግንኙነት አይኖርም። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ እንደገና መመርመር ጥሩ ነው። ያኔ «ማን አመጣው?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ክላሚዲያ ያለ ምልክት ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ምርመራው ማን መቼ እንደያዘው አይናገርም። ከጋብቻ በፊት ከሁለታችሁ በአንዳችሁ የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህን ሐኪሙ ፊት ለፊት እንዲያስረዳችሁ ጠይቂው፤ ከአንቺ አፍ ከሚሰማው ይልቅ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሲናገረው ይቀለዋል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰበት ጊዜ የጤና ተቋማት ተዘርፈው ነበር። በዚያ ወቅት ተደፍረው በጊዜው ሕክምና ያላገኙ እህቶች ይህን ያነቡ ይሆናል። ዛሬም አልረፈደም። ምንም ህመም ባይኖርም መመርመር ይቻላል። ታሪኩን በሙሉ መናገር አይጠበቅባችሁም፤ «የአባላዘር ምርመራ ፈልጌ ነው» ማለት ይበቃል።

ከማህፀን ውጭ እርግዝና እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ቱቧ የተጎዳ ሴት ስትፀንስ ደስታው ሁለት ገጽ አለው። የወር አበባሽ ቀርቶ ምርመራው «አለ» ካለሽ፣ እስከ ሦስት ወር ሳትቆዪ በስድስት ሳምንት ገደማ አልትራሳውንድ ታዪ፤ ጽንሱ ማህፀን ውስጥ መሆኑ ይረጋገጥ። የወር አበባ ዘግይቶ በአንድ ጎን ሆድ የሚወጋ ህመም፣ ጥቂት ደም፣ ማዞር ወይም ራስ መሳት፣ ትከሻ ላይ የሚሰማ ህመም ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። ነገ አይባልም። የተቀደደ ቱቦ ወደ ሆድ ውስጥ ነው የሚደማው፤ ደሙ በውጭ ስለማይታይ ሰው «ምች ነው» እያለ ሰዓት ይገድላል።

እስከዚያው ያለ ጭንቀት በየሁለት በየሦስት ቀኑ ተገናኙ። ቀን መቁጠር ከፈለግሽ ደግሞ እንቁላል የምትወጣው ቀጣዩ የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ገደማ በፊት ነው። እሷ የምትቆየው አንድ ቀን ያህል ነው፤ የወንድ ዘር ግን እስከ አምስት ቀን ይጠብቃታል። ስለዚህ ከዚያች ቀን በፊት ያሉት ቀናት ይሻላሉ። ፎሊክ አሲድም ከአሁኑ ጀምሪ።

ባልሽን «ሁለታችንም እንመርመር፣ እኔም እታያለሁ» ብለሽ ጀምሪለት። የወር አበባሽ ሲመጣ የመጀመሪያውን ቀን ስልክሽ ላይ ጻፊው። የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ ያን ቀን፣ የአልትራሳውንዱን ወረቀት፣ እስካሁን የወሰድሽውን መድኃኒት ስም ይዘሽ ሂጂ። ቁጭ እንዳልሽም ስለ ሲፕሮው ንገሪው፤ በሩ ላይ ሳትደርሺ።